ሐኪሙን ያስመረረው አረቦንና የታካሚው ካሳ፦ ለአንድ የሙያ ባልደረባዬ የተሰጠ ምላሽ

በአሜሪካ በምንኖር ኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎች ዘንድ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው በሜሪላንድ የግል ክሊኒክ ያላቸው የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ናቸው። ለሙያ ስህተት መድን የሚከፍሉት አረቦን በየዓመቱ እየናረ በመሄዱ ማዋለድ ለማቆም መወሰናቸውን ይገልጹና፣ በግዛቱ ያለው የካሳ ጣሪያ፣ ማለትም ተጎጂ ታካሚ ለሥቃይና ለሐዘን ሊያገኝ የሚችለው ካሳ ከፍተኛ ወሰን፣ ወደ 250,000 ዶላር ወርዶ እዚያው እንዲቆም የሚጠይቅ አቤቱታ ላይ ሁላችንም እንድንፈርም ይጋብዛሉ። ብዙዎች ፈርመዋል። እኔ አልፈረምኩም፤ ምክንያቴን በስልክ ለጠየቁኝ ሁሉ በተናጠል ከምመልስ በጽሑፍ ባቀርበው ይሻላል ብዬ ይህን ጽፌአለሁ።

በቅድሚያ አቋማቸውን ሳላዛባ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ የአረቦን ንረት ሐኪሞችን ከሙያቸው እያስወጣ በመሆኑ ታካሚዎች፣ በተለይም እርጉዝ ሴቶች፣ ሐኪም እያጡ ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ ንረቱን ያመጡት መሠረት የሌለው ክስ የሚያቀርቡ ጠበቆችና በስሜት የሚፈርዱ የጁሪ አባላት፣ ማለትም ከሕዝብ ተመርጠው በችሎት የሚፈርዱ ዜጎች፣ ናቸው ይላሉ። ሦስተኛ፣ ካሊፎርኒያና ቴክሳስ እንዳደረጉት በካሳ ላይ ጠበቅ ያለ ጣሪያ ቢጣል አረቦኑ ይወርዳል፣ ሐኪሙም ይመለሳል ብለው ያምናሉ። አራተኛ፣ የአሜሪካን ሕክምና ያስወደደው በዋናነት ክስ በመፍራት የሚታዘዝ አላስፈላጊ ምርመራ መሆኑን ይናገራሉ። አምስተኛ፣ ሐኪምን ፍርድ ቤት ማቆም የኢትዮጵያውያን ባህል ስላልሆነ ይህን ልማድ ከአሜሪካ መውረስ የለብንም ሲሉ ይመክራሉ። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከየት ሆኜ እንደምናገርም ማሳወቅ ይገባኛል። እኔም ሐኪም ነኝ፤ ጎንደር ተምሬ እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ በአነስተኛ ክሊኒክ የውስጥ ደዌ ሕክምና የምሰጥ፣ አረቦንም የምከፍል ሰው ነኝ። ከዓመታት በፊት ስሜ ከሌሎች ሐኪሞች ጋር በአንድ ክስ ውስጥ ገብቶ፣ ሁለት ዓመት ገደማ ከቆየ በኋላ በእኔ ላይ የቀረበው ክስ ተቋርጧል። በዚያ ጊዜ የታካሚዎቼን መዝገብ እንደገና እየከፈትኩ የጻፍኩትን ሳነብ ያነጋሁባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ስለዚህ የዶክተሩን ምሬት ለማቃለል አልተነሣሁም።

የመጀመሪያውን ነጥብ በከፊል እቀበላለሁ። አረቦን የሕክምና አገልግሎት ያቋረጠባቸው ጊዜያት በእርግጥ ነበሩ። በጁላይ 2002 የላስ ቬጋስ የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች የአረቦኑን ንረት አልቻልነውም ብለው በመልቀቃቸው የከተማዋ የከባድ አደጋ ሕክምና ማዕከል ለ10 ቀናት ተዘግቷል። በ2003 መጀመሪያ ላይ በዌስት ቨርጂኒያ ቀዶ ሐኪሞች በተመሳሳይ ምክንያት ሥራ አቁመው ነበር። ዛሬም በማያሚ አንድ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም በዓመት ከ200,000 ዶላር በላይ አረቦን ሊጠየቅ ይችላል። ዶክተሩ ማዋለድ ሲያቆሙም በገዛ ቋንቋቸው የሚያናግራቸውን ሐኪም የሚያጡ እናቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ይሁን እንጂ በአንዳንድ ቦታዎች የደረሰ ችግር አለ ማለትና ሐኪሞች ሙያቸውን ጥለው እየወጡ ነው ማለት የተለያዩ አባባሎች ናቸው። የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2003 ችግሩ ባሰባቸው በተባሉ አምስት ግዛቶች፣ ማለትም በፍሎሪዳ፣ በሚሲሲፒ፣ በኔቫዳ፣ በፔንሲልቫኒያና በዌስት ቨርጂኒያ፣ ጉዳዩን መርምሮ ነበር። ያገኘው ውጤት እንደሚያሳየው በአንዳንድ አካባቢዎች፣ በተለይም በገጠር፣ በድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና በማዋለድ አገልግሎት ላይ ጉዳት ደርሷል፤ ለቀቁ ከተባሉት ሐኪሞች ግን የብዙዎቹ ነገር ሲጣራ አልተረጋገጠም፣ ወይም የታካሚዎችን አገልግሎት በስፋት አልነካም።

ከዚህም በላይ አረቦን ዋናው አባራሪ መሆን አለመሆኑን የምንፈትንበት ቀላል መንገድ አለ። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ብዙ ወገኖቻችን የሚታከሙባቸው፣ በፌዴራል መንግሥት ድጎማ የሚሠሩ የማኅበረሰብ ጤና ማዕከላት አሉ። በ1990ዎቹ በወጣ ሕግ መሠረት በእነዚህ ማዕከላት የሚሠራ ሐኪም በሥራው ምክንያት ክስ ቢነሣ ተከሳሽ ሆኖ የሚቆመው የፌዴራል መንግሥት ነው፤ ሐኪሙ ከኪሱ አንድ ሳንቲም አረቦን አይከፍልም። የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ሐኪሞችም እንዲሁ ናቸው። ሐኪሙን ከሥራው የሚያፈናቅለው በዋናነት አረቦን ቢሆን ኖሮ፣ አረቦን ወደሌለባቸው ወደ እነዚህ ተቋማት ሐኪም በጎረፈ ነበር። እነሱ ግን ሐኪም ለመቅጠር ለዓመታት ሲቸገሩ የኖሩ ናቸው።

እየሆነ ያለው ሌላ ነገር ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በየጊዜው በሚያካሂደው ጥናት መሠረት በ2012 ከሐኪሞች 60.1 በመቶው በግል ክሊኒክ ይሠሩ ነበር፤ በ2022 ይህ ወደ 46.7 በመቶ ወርዷል። እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ሕክምናን አልተዉም፤ ክሊኒካቸውን ለሆስፒታል ወይም ለትልቅ ኩባንያ አስረክበው ተቀጣሪ ሆነዋል። የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን የሆነው ሜዲኬር የሚከፍለው ከዋጋ ንረት ጋር እኩል አለመራመዱ፣ የጤና መድን ድርጅቶች ለብዙ መድኃኒትና ምርመራ ቅድመ ፈቃድ መጠየቃቸው፣ ከታካሚው ይልቅ ኮምፒዩተር ፊት የሚያልቀው ሰዓት፣ ሁሉም ተደማምረው ትንሹን ክሊኒክ አዳክመውታል። አረቦን ከሸክሞቹ አንዱ ነው። የማዋለጃ ክፍሎችም በገጠር የሚዘጉት የወሊድ ቁጥር ስላነሰና በአገሪቱ ከአሥር ወሊድ ለአራቱ ገደማ የሚከፍለው ሜዲኬድ፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የተቋቋመው የመንግሥት የጤና መድን፣ የሚሰጠው ክፍያ ወጪውን ስለማይሸፍን ጭምር ነው፤ ይህ መዘጋት የካሳ ጣሪያ ባላት በቴክሳስ ገጠርም አልቀረም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስመጣ ከዶክተሩ ጋር በጣም እለያያለሁ። የክስ ብዛት አረቦኑን አናረው የሚለው አባባል በመጀመሪያ ከቁጥሩ ጋር አይገጥምም። በሐኪሞች ስም የተከፈለ ካሳ በ1990 ሥራ በጀመረው ብሔራዊ የሐኪሞች መረጃ ቋት ይመዘገባል። ይህ መዝገብ የተመረመረበት ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2014 ባለው ጊዜ ከሐኪሞች ቁጥር አንጻር ካሳ የተከፈለባቸው ክሶች ከግማሽ በላይ ቀንሰዋል። አማካይ የክፍያው መጠን ከሩብ በታች በሆነ መቶኛ ጨምሯል፤ ይህን አልደብቅም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እጅግ ትልልቅ ፍርዶች መብዛታቸውንና የመድን ኩባንያዎችን ማስጨነቃቸውንም እቀበላለሁ። ነገር ግን ጋዜጣ ላይ የወጣው ፍርድና በመጨረሻ የተከፈለው ገንዘብ አንድ አይደሉም። በ2019 በባልቲሞር አንድ ጁሪ 229 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ ተብሎ ሁላችንም ደንግጠን ነበር፤ ያንን ፍርድ በ2021 የይግባኝ ፍርድ ቤት ሲሽረው ግን የሰማው ሰው ጥቂት ነው።

መሠረት የሌለው ክስ ስለሚባለውም መረጃ አለ። በ2006 የታተመ አንድ የሐርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት 1,452 የተዘጉ የክስ መዝገቦችን መርምሮ፣ ከእነዚህ ውስጥ 37 በመቶ በሚሆኑት የሐኪም ስህተት አለመገኘቱን ገልጿል። ዶክተሩ በዚህ ረገድ የሚሉት ከእውነት የራቀ አይደለም፤ እኔም ከነዚያ አንዱ ነበርኩ ማለት እችላለሁ። ሆኖም ስህተት ካልተገኘባቸው ክሶች መካከል ከአሥሩ ሰባቱ ያለ ምንም ካሳ ተዘግተዋል። ለችሎት ከሚደርሱትም አብዛኞቹን የሚረቱት ሐኪሞች ናቸው። በሌላው ወገን ደግሞ፣ በ1984 በኒውዮርክ 51 ሆስፒታሎች የታከሙ ሰዎችን ከ30,000 በላይ መዝገቦች የመረመረው ጥናት እንዳሳየው፣ በቸልተኝነት ጉዳት ከደረሰባቸው ታካሚዎች ክስ ያቀረቡት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም። ተጎድቶ ዝም ያለው ታካሚ ያለ አግባብ ከከሰሰው እጅግ ይበልጣል።

ታዲያ አረቦኑ ለምን ይንራል? ኩባንያው ዛሬ የሚሰበስበው አረቦን ለካሳ የሚወጣው ከዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ ገንዘቡን እስከዚያው በአብዛኛው በቦንድ ላይ ያውለዋል። ወለዱ ደህና በሆነበት ዘመን ኩባንያዎች ደንበኛ ሲሻሙ አረቦኑን ከሚገባው በታች ያወርዱታል፤ ወለዱ ሲወድቅ፣ መጠባበቂያው አነስተኛ ሆኖ ሲገኝና የጠለፋ መድን፣ ማለትም ኩባንያው ራሱ ሌላ ኩባንያ ዘንድ የሚገባው መድን፣ ሲወደድ ግን ያንን የዓመታት ጉድለት በአንድ ጊዜ ከሐኪሙ ይጠይቃሉ። በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተነሡት ሦስት ቀውሶች በዚህ ዑደት የመጡ ናቸው። በዲሴምበር 2001 ከገበያው ግዙፎች አንዱ የነበረው ሴንት ፖል ከዚህ የመድን ዓይነት ሙሉ በሙሉ እንደሚወጣ ሲያስታውቅ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሐኪሞች ሌላ መድን ፍለጋ ወጥተዋል። የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት ለካሳ የሚወጣው ገንዘብ ትልቁ ምክንያት መሆኑን ሳይክድ፣ የወለድ ገቢ መቀነሱን፣ የጠለፋ መድን ዋጋንና የቀደመውን የዋጋ ሽሚያ አብሮ የጠቀሰው ለዚህ ነው።

ዶክተሩ የሜሪላንድ ሐኪም በመሆናቸው የዚህችን ግዛት ታሪክ ቢጠቅሱ ኖሮ ጽሑፋቸው ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። የሐኪሞች ንብረት የሆነውና በዚያን ጊዜ በግዛቱ ትልቁ የነበረው የመድን ኩባንያ ሜዲካል ሙቹዋል ለ2004 አረቦኑን 28 በመቶ፣ ለ2005 ደግሞ 33 በመቶ ከፍ አደረገ። ሐኪሞች ወደ ግዛቲቱ ዋና ከተማ ወደ አናፖሊስ ሄደው ተቃውሞ አሰሙ፤ በ2004 መጨረሻ ምክር ቤቱ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠርቶ የካሳው ጣሪያ ለጥቂት ዓመታት እንዳይጨምር ወሰነ፣ በጤና መድን ድርጅቶች ላይ በተጣለ ቀረጥም የሐኪሞቹን አረቦን ደጎመ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችን ረስተነዋል። ኩባንያው የፈራው ኪሳራ እንደተነበየው አልደረሰም፤ ትርፍ ገንዘብ ተከማቸ፤ በመጨረሻም በ2008 ከግዛቱ የመድን ተቆጣጣሪ ጋር በተደረሰ ስምምነት ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለግዛቱ መንግሥት ተመለሰ። ያ ሁሉ ሐኪም በአረቦን ተማሮ አደባባይ የወጣው፣ የክፍያው ከፊሉ ከጊዜ በኋላ አላስፈላጊ ሆኖ በተገኘ ግምት ላይ ተመሥርቶ ነበር።

በዚህ ላይ የአረቦኑ አመዳደብ ራሱ ትክክል አይደለም። ኩባንያዎች አረቦኑን በዋናነት የሚወስኑት ሐኪሙ በሚሠራበት የሕክምና ዘርፍና አካባቢ ነው። በ2016 የታተመ ጥናት ግን በአሥር ዓመት ውስጥ ከተከፈሉት ካሳዎች 32 በመቶው በአንድ በመቶ ሐኪሞች ብቻ የመጣ መሆኑን አሳይቷል። ሠላሳ ዓመት በጥንቃቄ ያዋለዱት ዶክተር፣ በተደጋጋሚ ካሳ የተከፈለበትን ሰው ሸክም አብረው ይሸከማሉ ማለት ነው። ወጣት ሐኪም ከአንድ ክሊኒክ ወደ ሌላ ሲዛወርም፣ ቀድሞ ሕክምና ከሰጣቸው ታካሚዎች ወደፊት ለሚነሣ ክስ ‘ቴል’ የሚባለውን ሽፋን እንዲገዛ ይገደዳል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ የዓመቱን አረቦን አንድ እጥፍ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ ያህላል። አቤቱታው ስለነዚህ ጉዳዮች አንድም ቃል የለውም። የታካሚውን ካሳ ብቻ ነው የሚነካው።

ሦስተኛው ነጥብ፣ የካሳ ጣሪያ፣ የአቤቱታው ልብ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። ጣሪያ የሚከፈለውን ካሳ እንደሚቀንስና አረቦንንም በመጠኑ ሊያለዝብ እንደሚችል የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ይህን አልክድም። ክርክሬ ሐኪም ያመጣል በሚለውና ዋጋውን ማን ይከፍላል በሚለው ላይ ነው።

ቴክሳስ በ2003 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ገንዘብ ነክ ላልሆነ ጉዳት በሐኪሞች የሚከፈለውን ካሳ በ250,000 ዶላር ወሰነች። ከዚያ በኋላ ሐኪም ጎረፈ የሚለው ዜና በሰፊው ተነግሯል። ሆኖም የግዛቱን መረጃ ለዓመታት የተከታተሉ የሕግና የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ከሕዝቡ ቁጥር አንጻር የሐኪሞች ብዛት ከ2003 በፊትም ሲያድግ እንደነበረ፣ ከሕጉ በኋላም ዕድገቱ በሕጉ ምክንያት እንዳልፈጠነ አሳይተዋል። ጣሪያ የሌላቸው ኒውዮርክና ኮነቲከት ከሕዝባቸው አንጻር ብዙ ሐኪም ካላቸው ግዛቶች ውስጥ ናቸው፤ ጣሪያ ያላቸው ሚሲሲፒና አይዳሆ ግን ከመጨረሻዎቹ ተርታ ይገኛሉ። ከሜሪላንድ ድንበር ማዶ ያለችው ዋሽንግተን ዲሲም ጣሪያ የላትም። ሐኪም የሚኖርበትን ቦታ የሚመርጠው በብዙ ምክንያት ስለሆነ ከዚህ ተነሥቼ ጣሪያ ሐኪም ያባርራል አልልም፤ ያመጣል የሚለው ግን አልተረጋገጠም። እንዲያውም ሜሪላንድ ራሷ ከ1986 ጀምሮ ጣሪያ አላት፤ በየዓመቱ 15,000 ዶላር እየጨመረ በ2024 890,000 ዶላር ደርሷል። ዶክተሩ የተማረሩት ጣሪያ ባለበት ግዛት ነው።

ካሊፎርኒያ በ1975 የ250,000 ዶላር ጣሪያ ስትጥል ከዋጋ ንረት ጋር እንዲያድግ አላደረገችም። አረቦን ግን በ1980ዎቹም መናሩን አላቆመም ነበር፤ የረገበው በ1988 መራጩ ሕዝብ ኩባንያዎች አረቦን ከመጨመራቸው በፊት የመድን ኮሚሽነሩን ፈቃድ እንዲያገኙ የሚያስገድድ ሕግ ካጸደቀ በኋላ ነው። የጣሪያው ደጋፊዎች ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር መስማማቱ እስከ 1985 ድረስ በፍርድ ቤት ሲያከራክር ስለቆየ ውጤቱ ዘገየ ይላሉ፤ ይህም የሚደመጥ ክርክር ነው። ግዛቲቱ ግን ራሷ ከ47 ዓመታት በኋላ በ2022 ጣሪያውን ለማንሣት ተስማምታ፣ ከ2023 ጀምሮ ለሞት ጉዳይ 500,000፣ ለሌላው ጉዳት 350,000 ዶላር ሆኖ በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 1 ሚሊዮንና ወደ 750,000 ዶላር እንዲያድግ ደንግጋለች። ለሜሪላንድ የሚመከረው እንግዲህ ካሊፎርኒያ የተወችው ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን እያደር ዋጋ የሚያጣ ጣሪያ ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ካሊፎርኒያ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2116 ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በዚያን ጊዜ 1,000 ብር ገንዘብ ነበር። ልጁን በሰው ጥፋት ያጣ አባት ዛሬ ስለ ኅሊናው ጉዳት ይህን ተቀብሎ ከችሎት ሲወጣ ምን እንደሚሰማው የሕግ ባለሙያዎቻችን ለዓመታት ሲናገሩ ኖረዋል።

ዋጋውን የሚከፍለውም ሁሉም ሰው እኩል አይደለም። ጣሪያው የሚነካው ለሥቃይ፣ ለአካል መጉደልና ለሐዘን የሚከፈለውን ካሳ እንጂ የጠፋ ደመወዝን አይደለም። ስለዚህ ደመወዙ ከፍ ያለ ሰው ጣሪያ ቢኖርም ብዙ ካሳ ያገኛል፤ ደመወዝ የሌለው ሕፃን፣ ልጆቿን ቤት የምታሳድግ እናት፣ ጡረታ የወጣ አባት፣ በመኪና ማቆሚያ ወይም በአረጋውያን እንክብካቤ በአነስተኛ ክፍያ የሚሠራ ወገናችን ግን ካሳቸው በአብዛኛው በጣሪያው ይወሰናል። እንዲህ ያለው ጉዳይ ለባለሙያ ምስክሮች ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ስለሚያስወጣና ጠበቃው የሚከፈለው ከካሳው ላይ በመሆኑ፣ ካሳው በጣሪያ ከተገደበ የሚይዘው ጠበቃ ማግኘት ይከብዳል። አቤቱታውን የፈረሙ ብዙ ጓደኞቼ ይህን ያወቁ አይመስለኝም።

አራተኛውን ነጥብ በአጭሩ አልፋለሁ። ክስ ፈርቶ ምርመራ ማዘዝ አለ፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ነገር ግን ዋናው የወጪ ምክንያት አይደለም። በ2010 የታተመ የታወቀ ጥናት የክሱን ሥርዓት አጠቃላይ ወጪ፣ ይህን የፍርሃት ምርመራ ጨምሮ፣ በ2008 55.6 ቢሊዮን ዶላር ገምቶታል፤ ይህም ከአገሪቱ የጤና ወጪ 2.4 በመቶ ነው። የኮንግረሱ የበጀት ቢሮ በ2009 ጣሪያን ጨምሮ የታሰቡት ማሻሻያዎች ቢተገበሩ የሚድነው ከአጠቃላዩ ወጪ ግማሽ በመቶ ያህል እንደሆነ አስልቷል። ገንዘቡ ትንሽ ባይሆንም ሕክምናው የተወደደበትን ምክንያት ሊያስረዳ አይችልም።

አምስተኛው ነጥብ ከሁሉ ይልቅ ልቤን ነክቶታል። ሐኪምን መክሰስ ባህላችን አይደለም የሚለው አባባል በመጀመሪያ ከታሪካችን ጋር አይስማማም። በመንገድ ላይ በሕግ አምላክ ሲባል የሚቆም፣ በላ ልበልሃ ብሎ የሚሟገት፣ በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች የሚል ሕዝብ ነን። ያው የ1952 ዓ.ም. ሕግም በአንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ በመጣሱ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ደንግጓል።

እውነት ነው፣ ለሐኪም ያለን አክብሮት ትልቅ ነው፤ ይህም እንዲጠፋ አልፈልግም። ግን ያ አክብሮት ዝምታ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ በክሊኒኬ አይቻለሁ። የጡቷ ምርመራ ውጤት አጠራጣሪ ሆኖ ሳለ ሌላ ቦታ ያዩዋት ሰዎች ሳይነግሯት አንድ ዓመት ሊሞላ የተቃረበ አንዲት እናት ወደ እኔ መጥታ፣ ወረቀቱን ሳነብላት መጀመሪያ ያለችኝ “ዶክተሮቹን እንዳታስቀይምብኝ” የሚል ነበር። ካሳ አልጠየቀችም፤ ማብራሪያ እንኳ አልጠየቀችም። ስለዚህም ያንን ውጤት በመዝገብ ውስጥ የቀበረው አሠራር ከእሷ በኋላ ተስተካክሎ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ሐኪሙንና ታካሚውን ሳያጣሉ አረቦን ያወረዱ መንገዶች አሉ። የሰመመን ሐኪሞች በ1980ዎቹ አጋማሽ አረቦናቸው ሲንር የተዘጉ የክስ መዝገቦችን ሰብስበው ታካሚ የሚሞተው በምን እንደሆነ አጠኑ፤ በቀዶ ሕክምና ጊዜ የኦክስጅንን መጠን ያለማቋረጥ መከታተልን ግዴታ አደረጉ፤ ሞቱም አረቦኑም አብረው ወረዱ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ከ2001 ጀምሮ ስህተት ሲሠራ ለታካሚው ራሳቸው ቀድመው እየተናገሩ፣ ይቅርታና ተገቢ ካሳ እያቀረቡ ሲሠሩ፣ በ2010 በታተመው ጥናት መሠረት ከ100,000 ታካሚ ጉብኝቶች ይቀርብ የነበረው የፍርድ ቤት ክስ ከ2.13 ወደ 0.75 ወርዷል።

ዶክተሩን በአካል አውቃቸዋለሁ፤ ማዋለድ ባያቆሙ እወዳለሁ። ሐኪሙ በራሱ የሥራ ታሪክ መሠረት እንዲከፍል፣ የቴል ሽፋን ዋጋ እንዲገደብና ኩባንያዎች ለአረቦን ጭማሪ የሚያቀርቡት ስሌት በግልጽ ችሎት እንዲመረመር የሚጠይቅ አቤቱታ ካዘጋጁ፣ ከእሳቸው ቀጥሎ የምፈርመው እኔ ነኝ፤ ወደ አናፖሊስም አብሬአቸው እሄዳለሁ።